ቀኑን እኔ ስቀይር ቅጣት፣ እነሱ ሲቀይሩ ይቅርታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ዓምዳችሁ በቅርቡ ስለ መርከብ ሽርሽር ያወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ክሩዝ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ቀደም ብሎ ቀብድ ከፍሎ ካቢን ቢይዝ እንደሚያተርፍ፣ ቀብዱ የማይመለስበትን ዋጋ ቢመርጥ ደግሞ የበለጠ እንደሚረክስለት አስረድተዋል። ልክ ናቸው፣ ይረክሳል። እኔም የመረጥኩት ያንኑ ነው። ጽሑፉ ግን ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ካቢኑን ይዞ ደስ ሲለው አለቀ። ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ምንም አላለም። ሰው ይታመማል። የዓመት ፈቃድ ይከለከላል። ፓስፖርት ይዘገያል። ያኔ የሚሆነውን በራሴ ስላየሁት፣ ቦታ ከሰጣችሁኝ የጎደለውን ልሙላ።

የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ውል ማንበብ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሳያነብ ፈርሞ የተታለለ ሰው እሮሮ እንዳይመስላችሁ። ከዋጋው ስር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውንም፣ ሊንኩን ሲጫኑት የሚከፈተውን ረጅም ሰነድም አንብቤያለሁ። ቀብዱ እንደማይመለስ አውቄ ነው የከፈልኩት። የከነከነኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ገጽ የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ እህቴና ባሏ ሆነን የሰባት ሌሊት ጉዞ ያዝን። ሁለት ካቢን፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም በረንዳ ያላቸው። ሐሳቡ የእህቴ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ሻንጣ እየጎተቱ ከሆቴል ሆቴል መዞር አይሆንላትም። መርከብ ላይ ሻንጣዋን አንዴ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ በኋላ አገሩ ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ቀብዱን ከከፈልን ወራት በኋላ ግን ስትጠብቀው የኖረችው የቀዶ ሕክምና ወረፋ ደረሰ። የጉልበት መተካት ነው። የተሰጣት ቀን መርከቡ ከሚነሳበት ሳምንት ጋር ገጠመ። ያንን ወረፋ እንዴት እምቢ ትላለች?

ለጉዞ ወኪላችን ደወልኩ። በቀጥታ ለመርከብ ኩባንያው ብደውል ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ፤ በወኪል የተያዘ ጉዞ ላይ ኩባንያዎቹ የሚነጋገሩት ከወኪሉ ጋር ነው። ወኪላችን ጨዋ ልጅ ናት።

«መሰረዝ አንፈልግም» አልኳት። «ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው። ያው መርከብ፣ ያው መስመር። ለሷ ማገገሚያ የሚሆን ጊዜ ጨምረሽ ፈልጊልን።»

«ይቻላል እትዬ» አለችኝ። የኪቦርዷ ድምፅ ይሰማኛል። «የለውጥ ክፍያ ግን አለው። በካቢን እንዳይመስልዎት፣ በሰው ነው የሚታሰበው። አራታችሁም ትከፍላላችሁ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላው፣ አዲሱ ቀን በዛሬው ዋጋ ነው የሚሰላው። ያኔ የነበረው ቅናሽ አብቅቷል። መርከቡ ላይ እንድትጠቀሙበት የተሰጣችሁ ክሬዲትም የዚያ ቅናሽ አካል ስለሆነ አይተላለፍም።»

«ቅናሹ እኮ የተሰጠን ቀብዱ ስለማይመለስ ነው። ቀብዱም አይመለስ፣ ቅናሹም ይቅር?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚያወጣልኝ» አለች። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም።

ከፈልን። የለውጡንም፣ የዋጋ ልዩነቱንም። እስከዚህ ድረስ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ተዋውያለሁ፣ በውሉ መሠረት ከፍያለሁ፣ አለቀ። አዲሱን ቀን ይዘን ከቆየን በኋላ ግን አንድ ኢሜይል መጣ። አናቱ ላይ ሰማያዊ ባሕር፣ ከስሩ «ውድ እንግዶቻችን» የሚል ሰላምታ። መስመሩ ላይ ለውጥ መደረጉን ይነግረናል። ከምንቆምባቸው ወደቦች አንዱ ቀርቷል፤ በእሱ ፋንታ አንድ ቀን ሙሉ ባሕር ላይ እንውላለን። የቀረው ወደብ ደግሞ እህቴ ይህን መስመር የመረጠችበት ምክንያት ነበር። ለሚፈጠረው ቅሬታ ይቅርታ ጠይቀዋል። የወደቡ ግብር እንደሚመለስልን ጽፈዋል። ጉዞውን በዚህ ምክንያት መተው የሚፈልግ ካለ መደበኛው የስረዛ ደንብ ይሠራበታል ይላል። በሌላ አነጋገር፣ እነሱ ለቀየሩት እኛ ቀብዳችንን እናጣለን።

በሥራዬ አቅራቢዎች ብዙ ዓይነት ውል ያመጡልኛል። ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቅድሚያ ክፍያው ይቀራል የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው፤ አልቃወመውም። አቅራቢው የሚያስረክበውን ዕቃ እንደፈለገ የመለወጥ መብት አለው፣ ለውጡም ገዢውን ከውሉ አያስወጣውም የሚል ቢመጣልኝ ግን ፊርማ ሳይነካው ይመለሳል። ቁም ሣጥን ያዘዙት አናጢ ጠረጴዛ ሠርቶ ቢያመጣ ቀብድዎን ትተውለት ይሸኙታል? የመርከብ ውል ላይ ይህ አንቀጽ የተለመደ ነው። ኩባንያው ወደብ ሊዘል፣ መስመር ሊለውጥ፣ መርከቡን በሌላ መርከብ ሊተካ ይችላል። ምክንያቱ ማዕበል ከሆነ ማንም አይከራከርም፤ ካፒቴኑ መርከቡን ይጠብቅ። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ማዕበል ብቻ አይደለም።

አሁን ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ያንኑ ካቢን በሁለት ዋጋ ይሸጣሉ። በውዱ ከያዙ፣ የመጨረሻው ክፍያ ቀን (ከቀብዱ የተረፈው ዋጋ ተከፍሎ ማለቅ ያለበት ቀን) እስኪደርስ ድረስ ቢሰርዙ ቀብድዎ ይመለሳል። በርካሹ ከያዙ ቀብዱ ይቀራል፣ ወይም ከላዩ በሰው የሚታሰብ ክፍያ ተቀንሶ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ይሰጥዎታል። ምርጫ የሌለበትም ጊዜ አለ፤ ትልልቆቹን ክፍሎች፣ ስዊት የሚባሉትን፣ በማይመለስ ቀብድ ብቻ የሚሸጡ አሉ።

የመጨረሻው ክፍያ ቀን የሚባለውን ካላንደራችሁ ላይ በቀይ ጻፉት። እንደ ኩባንያውና እንደ ጉዞው ርዝመት ይለያያል፤ ለተለመደው የአንድ ሳምንት ጉዞ ከመነሻው 90 ቀን በፊት አካባቢ ነው፣ ለረዣዥሞቹ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ በውድ የያዘውም በርካሽ የያዘውም አንድ መሰላል ላይ ናቸው። ቅጣቱ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ መታሰብ ይጀምርና፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉው ይሄዳል። ስለዚህ «ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» የሚባለው ውይይት ቤተሰብ ውስጥ ማለቅ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሳምንት ያስከፍላል።

ሁሉም ነገር ጠፋ በሚባልበት ጊዜም ብዙ ሰው የማይጠይቀው ገንዘብ አለ። ግብርና የወደብ ክፍያ። ወደቡ የሚያስከፍለው መርከቡ ላይ ለተሳፈረ ሰው ስለሆነ፣ ላልተሳፈረ ሰው የተሰበሰበው በብዙ ኩባንያዎች ይመለሳል። በመጨረሻው ቀን ለቀረ ሰውም ቢሆን። ካልመጣላችሁ ጠይቁ።

የአውሮፕላን ትኬት የለመደ ሰው ሌላ ቦታ ላይ ይሳሳታል። በአሜሪካ ሕግ፣ በረራው ሊነሳ ቢያንስ ሰባት ቀን ሲቀረው በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬትን አየር መንገዱ ገዢው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰርዘው ወይም ሳይከፍል ለ24 ሰዓት እንዲያዝለት መፍቀድ አለበት። ያ ደንብ ለአየር መንገድ የወጣ ነው። መርከብ ላይ አይሠራም። ገንዘቡ ከካርዳችሁ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። በእርግጥ ገንዘብ ሳትከፍሉ ካቢኑን ለአንድ ቀን ያህል ያዙልን ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ወኪሎች ይይዙላችኋል። ይህን ግን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

ለውጥ ሁሉ ደግሞ ቅጣት የለውም፤ ይህንንም ልናገር፣ ፍርደ ገምድል እንዳልባል። በዚያው ጉዞ ላይ ከአንድ ካቢን ወደ ሌላ መዛወር በአብዛኛው ያለ ለውጥ ክፍያ ነው፣ የዋጋ ልዩነት ካለ ብቻ ይከፈላል። የመጨረሻው ክፍያ ሳይደርስ የዚያው ካቢን ዋጋ ከወረደ፣ በማይመለስ ቀብድ የያዘ ሰውም ደውሎ በአዲሱ ዋጋ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይችላል። አብሮ ተጓዥን በሌላ ሰው መተካትም ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ካቢኑ ውስጥ እስከቀረ ድረስ። ቅጣቱ የሚመጣው ቀን ወይም መርከብ ሲቀየር ነው። ሰው ሲቸገር የሚቀይረው ግን ቀን ነው። የካቢኑ ቁጥር ማንን አስጨንቆ ያውቃል?

ከሁለት አንዱ ብቻ መቅረት ሲፈልግ የሚሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የካቢን ዋጋ የሚሰላው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ከተሰረዘ የቀረው ሰው ብቻውን የያዘ ተብሎ ሒሳቡ እንደገና ይሠራበታል፤ ብዙ ጊዜም የሁለቱን ያህል ይከፍላል። የእህቴ ባል «እኔ ብቻዬን ከእናንተ ጋር ብመጣስ?» ብሎ ለቀልድ ጠይቆ ነበር። ወኪሏ ዋጋውን ስትነግረው ቀልዱ አለቀ። ጓደኛው የቀረበት ሰው ቶሎ ብሎ «ሰርዙት» ከማለቱ በፊት፣ ቢሰርዝና ስሙ ባለበት ቆይቶ ሳይመጣ ቢቀር ልዩነቱ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። አንዳንዴ ስሙን ባለበት መተው ይረክሳል።

ክሬዲቱም እንደ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ያህል ነው፣ በስሙ ለተጻፈለት ሰው ብቻ። የጉልበት መተካት ያደረገ ሰው ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም እስከ ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እኛ ስረዛውን ትተን ለውጡን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ኢንሹራንስስ የሚል አይጠፋም። እህቴ ነበራት። ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ በፖሊሲው ላይ በተዘረዘረ ምክንያት፣ ለምሳሌ በድንገተኛ ሕመም፣ ከተሰረዘ የማይመለሰውን ቀብድ ይተካል። የሷ ግን ወረፋ ላይ መሆኗ ቀድሞ የታወቀ ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። በማንኛውም ምክንያት ለመሰረዝ የሚያስችል ኢንሹራንስም አለ፤ ዋጋው ወደድ ይላል፣ የሚመልሰውም እንደ ፖሊሲው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መገዛት አለበት፣ ስረዛውም ከመነሻው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። ቀድሞ የነበረ ሕመምን እንዲሸፍን ከፈለጋችሁም ቀነ ገደቡ እንዲሁ ከቀብዱ ቀን ይቆጠራል። የመርከብ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚሸጡት ዓይነት ደግሞ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጪ ለተሰረዘ ጉዞ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ክሬዲት ነው። እዚያው ተመልሳችሁ እንድትመጡ።

የኩባንያዎቹን ወገንም ላንሳ። ሲነሳ ባዶ የነበረ ካቢን ዋጋው ዜሮ ነው፤ ነገ ተሸክመው አይሸጡትም። ቀብድ ያለ ቅጣት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሦስት አራት የጉዞ ቀን ላይ ካቢን ይዞ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሊደርስ ሲል አንዱን አስቀርቶ ሌላውን የሚለቅ ሰው ይበዛል። ይህን ለመከላከል በርካሽ ሸጠው ቀብዱን ቢያስሩት ይገባኛል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርጋለሁ።

የማይገባኝ፣ መርከቡ ሊነሳ ወራት ሲቀረው የተለቀቀ ካቢን እንደ ጠፋ ዕቃ መቆጠሩ ነው። ያ ካቢን እንደገና ይሸጣል። መርከቡ እየሞላ ከሆነ ከኔም በውድ ይሸጣል። ኩባንያው የኔንም ቀብድ፣ የአዲሱንም እንግዳ ሙሉ ዋጋ ይይዛል። የአውሮፓ ሕግ ይህን ነጥብ አይቶታል። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ቁጥሩ 2015/2302፣ ተጓዥ ሲሰርዝ የሚከፍለው ምክንያታዊ መሆን አለበት ይላል። አስቀድሞ ውሉ ላይ የተቀመጠ የስረዛ ክፍያ ከሌለ፣ የጉዞው አዘጋጅ በመሰረዙ ያተረፈው ወጪና አገልግሎቱን ለሌላ ሸጦ የሚያገኘው ገቢ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። በውሉ ላይ የተቀመጠ ከሆነም ሲቀመጥ እነዚሁ ነገሮች መታየት አለባቸው። ተጓዡ ከጠየቀም አዘጋጁ ክፍያውን ለምን ያን ያህል እንዳደረገው ማስረዳት አለበት። መኝታውና ጉዞው አንድ ላይ ስለሚሸጥ ክሩዝ እዚህ ውስጥ ይገባል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ደንብ አውጥታለች። በነዚህ ደንቦች ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ቢጨምርባችሁ ያለ ቅጣት መውጣት ትችላላችሁ። መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀደም ብላችሁ አሳውቃችሁ ጉዞውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ትችላላችሁ፤ የምትከፍሉት ለማዛወሩ የወጣውን እውነተኛ ወጪ ነው። ውላችሁ በእነዚህ አገሮች ሕግ የሚተዳደር ከሆነ «አይመለስም» ተብላችሁ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከዚያም የቆየ ሕግ አለ። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1590 የሚናገረው በቀብድ ስለታሰረ የሽያጭ ቃል ነው። የሰጠው ወገን ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል። ለመርከብ ሽርሽር ተብሎ የተጻፈ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቀብድ ሁለቱንም ወገን እኩል ሲያስር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ያንን ኢሜይል ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው፣ የካርኒቫልና የሹት ጉዳይ ተብሎ የሚታወቀው ክስ አለ። ካርኒቫል የመርከብ ኩባንያ ነው፤ ሹቶች ደግሞ ከዋሽንግተን ግዛት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ገንዘቡን በወኪል በኩል ከከፈሉ በኋላ ትኬቱ ተላከላቸው። ሚስቲቱ መርከቡ ላይ የወጥ ቤት ጉብኝት ሲደረግ ምንጣፍ አንሸራቷት ወድቃ ተጎዳች። ቤታቸው አካባቢ ሲከሱ፣ ትኬቱ ላይ ክርክር ሁሉ በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ይሁን የሚል አንቀጽ አለ ተባሉ። ፍሎሪዳ ከዋሽንግተን ግዛት የአገሪቱ ሌላኛ ጫፍ ነው። ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ አንቀጹ ይጸናል አለ። እኔን የሚስበኝ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ስቲቨንስ የጻፉት ነው። ብዙ መንገደኛ አንቀጹን ማንበብ የሚችለው ትኬቱን ገዝቶ ካበቃ በኋላ ነው አሉ፤ ያኔ ደግሞ ላልተጠቀመበት ትኬት ገንዘብ አይመለስም የሚለውን ሌላውን አንቀጽ ቀድሞ ተቀብሏል። አንብቦ ባይስማማ የሚያጣው ሽርሽሩንም ገንዘቡንም ነው። የማይመለስ ክፍያ ሌሎቹን አንቀጾች በሙሉ እንዴት እንደሚያጠነክር ከዚህ በላይ ያስረዳ ሰው አላየሁም። ክርክሩ ግን የተሸነፈው ወገን ነው።

አሜሪካኖቹ ቆየት ብለው ትንሽ መስኮት ከፍተዋል። የፌዴራል የባሕር ጉዳዮች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ፣ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ ጉዞ በኩባንያው ከተሰረዘ ወይም መነሻው በሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከዘገየና መንገደኛው መሄድ ካልፈለገ ገንዘቡን መልሶ የማግኘት መብት አለው። ጥሩ ነው። ሁለት ቀን ቢዘገይስ? ወደብ ቢዘለልስ? ደንቡ ስለዚያ አይናገርም።

«ሲስተሙ አይፈቅድም» የሚለውን መልስ የማልቀበልበት ምክንያትም አለኝ። በ2020 መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኮቪድ ምክንያት መርከቦቹ እንዳይነሱ ትእዛዝ ሰጠ። ያን ሰሞን ሲስተሙ ብዙ ነገር ፈቅዷል። ጥሬ ገንዘብ ከምንመልስ ብለው የከፈላችሁትን 125 በመቶ ክሬዲት እንስጣችሁ ያሉ ኩባንያዎች ነበሩ። ሰው እንዳይሸሽ ፈርተው፣ ጉዞው ሊነሳ 48 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ሰርዞ ክሬዲት መውሰድ የሚያስችል ደንብ ያወጡም ነበሩ። መርከቦቹ ሲሞሉ ደንቡ ተመልሶ ጠበቀ።

ስለዚህ ለዓምዱ ጸሐፊ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የዚህን ዓይነት ዋጋ ሲያስተዋውቁን፣ ቅናሹን በጻፉበት መስመር ላይ ሦስት ነገር ይጨምሩልን። ቀን ለመቀየር በአንድ ሰው ስንት እንደሚከፈል፤ የመጨረሻው ክፍያ ቀን መቼ እንደሆነ፤ ኩባንያው ወደብ ወይም መርከብ ቢቀይር መንገደኛው ያለ ቅጣት መውጣት መቻል አለመቻሉን። የመጨረሻውን ለኩባንያዎቹ ራሳቸው ደውለው ቢጠይቁልን ደግሞ ደስ ይለኛል። እኔ በኢሜይል ጠይቄ የተላከልኝ መልስ ላይ ያው ሰማያዊ ባሕርና ያው ሰላምታ ነበር፤ ከስሩ ያለው ጽሑፍ ለጥያቄዬ የሚሆን አልነበረም።

እህቴ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላት ደረጃ መውጣት ጀምራለች። ጉዞውን አልሰረዝነውም። የተዘለለውን ወደብ በራሷ ወጪ ሌላ ጊዜ ለብቻ እሄድበታለሁ ትላለች፣ በአውሮፕላን።

ከአክብሮት ጋር፤
የዘወትር አንባቢያችሁ